ስድሳ ወረቀት፣ ዐሥራ ሁለት እጅ

ታይናን፣ ታይዋን
ጥቅምት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ተሻለች፣

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የእግርዎ ሕመም እንደተሻለዎት እናቴ ነግራኝ ደስ ብሎኛል። እርስዎ የእናቴ የአክስት ልጅ፣ ደግሞም ሰባተኛ ክፍል ሒሳብ ያስተማሩኝ መምህሬ ስለሆኑ ለእኔ ሁለት ጊዜ ዘመድ ነዎት። ዛሬ የምጽፍልዎት ግን መምህሬን ላስቸግር ነው።

የዶክትሬት ትምህርቴ ሦስተኛ ዓመት ላይ ደርሷል። የማጠናው ነገር ስሙ ይከብዳል እንጂ እርስዎ በየቀኑ የሚያዩት ነው። ልጅ በጨዋታ ሲመሰጥ ቢጠሩት አይሰማም፣ ምሳውን ይረሳል፣ ሰዓቱ መሄዱ አይታወቀውም። ይህን ተመስጦ እንለዋለን። ጨዋታው ከከበደው ይጨነቃል፣ ከቀለለው ይሰለቻል፤ ተመስጦ የሚገኘው በሁለቱ መካከል ነው። ትምህርትን ነጥብና ደረጃ ሰጥተን ጨዋታ ብናደርገው ልጆቹ ይመሰጣሉ ወይ? የእኔ ጥያቄ ይኸው ነው።

እዚህ ያሉት ክፍሎች ሃያ ሃያ ልጅ፣ ለእያንዳንዱም አንድ ታብሌት ያላቸው ናቸው። እኔ የምፈልገው የእኛን ዓይነት ክፍል ነው። በሳምንት ሁለት ክፍለ ጊዜ ለስድስት ሳምንት ሒሳቡን በጨዋታ ቢያስተምሩልኝ፣ መጨረሻ ላይ እያንዳንዱ ተማሪ ሃያ ጥያቄ ያለው መጠይቅ ይሞላል። «በፍጹም አልስማማም» ለሚል አንድ፣ «በጣም እስማማለሁ» ለሚል አምስት ነው። ኮምፒውተርም ፕሮጀክተርም አያስፈልግም። ያዘጋጀሁትን ጨዋታና ለርዕሰ መምህሩ የሚሆን የፈቃድ ደብዳቤ አያይዣለሁ።

እምቢ ቢሉኝ አልቀየምም። ግን እባክዎ አይበሉኝ፤ ሌላ የምጠይቀው መምህር የለኝም።

እግዚአብሔር ያክብርልኝ።
ልጅዎ ምንተስኖት


አዳማ
ጥቅምት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለምንተስኖት፣

እንደምነህልኝ? እኔ፣ ቤተሰቡ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ደህና ነን። በእጄ ጽፌ፣ ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም ስልክልህ እንዳትስቅብኝ። በስልክ ያወራሁት ነገር ስልኩን ስዘጋው አብሮ የሚጠፋ ይመስለኛል፤ በጣት መነካካቱ ደግሞ ትዕግሥቴን ይጨርሰዋል።

ዕድሜ ደጉ ስንቱን ያሳያል! ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ «ክፍል ውስጥ አትጫወቱ» ስል ኖሬ፣ ጡረታ ልወጣ ሁለት ዓመት ሲቀረኝ «ተጫወቱ» ልል ነው። አንተ ራስህ ስታወራ ስንቴ ከክፍል እንዳስወጣሁህ ረስተኸዋል መሰለኝ። ይሁን፣ እሺ ብያለሁ። ርዕሰ መምህሩም ከታይዋን የመጣ ደብዳቤ ሲያይ ሳያነበው ነው የፈረመው።

የላክኸውን ጨዋታ ግን ቀይሬዋለሁ። ዘንዶና ቤተ መንግሥት ለእኛ ልጆች ምናቸውም አይደለም። በካርቶን ላይ መንገድ ሣልኩ። ከአዳማ ይነሣል፣ በሞጆ፣ በመቂ፣ በባቱ አድርጎ አርሲ ነገሌ ይደርሳል። ለስድሳውም ልጆች ስማቸው የተጻፈበት የወረቀት መኪና አለ። ጥያቄ የመለሰ መኪናው ወደ ፊት ይሄዳል፣ ነገሌ የደረሰ ስንዴ ይጭናል። ግድግዳው ላይ ስሰቅለው ክፍሉ እንዴት እንደጮኸ ብትሰማ! እኔም ደስ አለኝ፣ ለምን እዋሽሃለሁ።

በል በርታ፣ ልብስ ደርብ። እዚያ ዝናቡ ብርቱ ነው ይላሉ።

እትዬህ ተሻለች


አዳማ
ታኅሣሥ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለምንተስኖት፣

የእግዚአብሔር ሰላም ካለህበት ይድረስህ። ጨዋታውን ትናንት ጨረስን። ስድሳውንም መጠይቅ አንድ በአንድ ፎቶ አንስቼ ልኬልሃለሁ፤ ያልተሞላ፣ የጎደለ አንድም የለም። ልኬልህ ስጨርስ አውራ ጣቴ ደንዝዞ ነበር።

ኑዕማን የሚባል ልጅ አለኝ፣ ፈጣን ነው፤ በአራተኛው ሳምንት ነገሌ ገብቶ ስንዴውን ጫነ። ሌሎቹም ባቱና መቂ ላይ ተራኮቱ። ዱሬቲ የምትባል ዝምተኛ ልጅ ብቻ ሞጆ ላይ ሦስት ሳምንት ቆመች። ልጆቹ «ጎማ ፈንድቶባት ነው» ብለው ሳቁ፣ እኔም አብሬ ሳቅሁ። አሁን ስሟን ትተው «ሞጆ» ይሏታል። ልጅ መቼም ልጅ ነው።

ርዕሰ መምህሩ ከሌላ ትምህርት ቤት እንግዶች አምጥቶ ክፍሌን አስጎበኘ። በሰልፍ ላይ ስሜ ተጠርቶ የምስክር ወረቀት ተሰጠኝ። እኔ ምስክር ወረቀት ከተቀበልኩ ስንት ዘመኔ! እናትህ ዘንድ ወስጄ አሳየኋት፤ ሁለታችንም አለቀስን። ምስጋናው ያንተ ነው።

ለልደቱ በሰላም ያድርስህ።
ተሻለች


ታይናን
ጥር 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ተሻለች፣

ልደቱንና ጥምቀቱን እንዴት አሳለፉ? ደስታዎን ሳነብ እኔም ልቤ ሞላ። ያን ምስክር ወረቀት ፍሬም አስገብተው ይስቀሉት፣ ይገባዎታል።

መጠይቆቹን ወደ ኮምፒውተር አስገብቼ ጨረስኩ። ውጤቱ ከጠበቅሁት በላይ ነው። «ሰዓቱ መሄዱ አልታወቀኝም» ለሚለው ብቻ ከስድሳው ሃምሳ አምስቱ አምስት ሰጥተዋል። አማካሪዬ እንዲህ ያለ ከፍተኛ ቁጥር አይቶ አያውቅም። አንድ ሙሉ ምዕራፍ በእርስዎ ክፍል ላይ ጽፌያለሁ። ግንቦት ላይ ገምጋሚዎች ፊት እቀርባለሁ፤ ካለፍኩ በነሐሴ ዶክተር ምንተስኖት ይሉኛል።

አንዲት ትንሽ ነገር ልጠይቅዎት። ልጆቹ መጠይቁን ሲሞሉ እንዴት ነበር የተቀመጡት? ለየብቻ ነበሩ ወይስ በቡድን? ለምዕራፉ መግቢያ አንድ ሁለት መስመር ልጽፍበት ነው እንጂ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ጤናዎን ይስጥልኝ።
ልጅዎ ምንተስኖት


አዳማ
የካቲት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለምንተስኖት፣

እንደምን ከረምክ? እኔ ደህና ነኝ። ዘግይቻለሁ። ፈተና ማረም ነበረብኝ፣ ደግሞ እግሬ ተነሥቶብኝ ነበር፣ የጎረቤታችንም የሙሉአለም ልጅ ሠርግ ነበር። መብራትም ይጠፋል።

እናትህ ደህና ናት። የግቢያችሁ ፓፓያ በጣም አፍርቷል።

ስለ መጠይቁ የጠየቅኸኝ፣ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ነው የሞሉት። ሞልተዋል ብያለሁ እኮ። ስድሳ ወረቀት ነው፣ ስድሳውም ደርሶሃል።

ጾሙን በሰላም ያስጀምርህ።
ተሻለች


ታይናን
መጋቢት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ተሻለች፣

ጾሙ እንዴት ይዞዎታል? እኔ ጭንቅ ላይ ነኝ። ምግብ አልወርድልህ ብሎኛል፣ እንቅልፍም የለኝም።

ምዕራፉን ያነበበች አንዲት ገምጋሚ የመጠይቆቹን ቁጥር በጥሬው ጠየቀችኝ። ላክሁላት። በሦስተኛው ቀን ደብዳቤ መጣልኝ። ስድሳው ወረቀት አምስት አምስት ሆኖ ዐሥራ ሁለት ቦታ ይከፈላል ትላለች። በየቦታው ያሉት አምስት ወረቀቶች ሃያውም መልሳቸው ፍጹም አንድ ነው። አምስት ልጆች በሃያ ጥያቄ አንድ ዓይነት መልስ ሊሰጡ አይችሉም፣ ዐሥራ ሁለት ጊዜ ደግሞ ጨርሶ አይሆንም ብላለች። ባጭሩ፣ ቁጥሩን ቁጭ ብዬ የፈጠርኩት ይመስላቸዋል። ፈጥሮ ተገኘ ከተባልኩ መባረር ነው። የትም አገር የሚቀበለኝ ዩኒቨርሲቲ አይኖርም።

እስከ ሚያዝያ 15 ማስረጃ እንዳቀርብ ጊዜ ሰጥተውኛል። ስለዚህ ከዚህ ጋር ያያያዝኩትን አጭር ደብዳቤ ፈርመው፣ የትምህርት ቤቱን ማኅተም አስመትተው ይላኩልኝ። የሚለው ይህን ብቻ ነው፦ «መጠይቁን እያንዳንዱ ተማሪ ለየብቻው፣ ያለማንም እርዳታ ሞልቷል።» ሌላ ምንም መጨመር አያስፈልግም። እርስዎ ሠላሳ አንድ ዓመት ያስተማሩ የተከበሩ መምህር ነዎት፣ ቃልዎን ያምናሉ።

እባክዎን እትዬ፣ አይዘግዩብኝ።
ምንተስኖት


ታይናን
መጋቢት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ ተሻለች፣

ሰላም ነው? ደብዳቤዬን እንዳዩት ቴሌግራሙ ያሳየኛል። ሁለቱን ምልክቶች ስንቴ ከፍቼ እንዳየኋቸው ባወቁ። ዐሥራ ሦስት ቀን ሆነ። እናቴን ብጠይቃት «ደህና ናት፣ ቤተ ክርስቲያን አየኋት» አለችኝ።

አንድ ፊርማ ነው የጠየቅሁዎት። አንድ መስመር።

ምንተስኖት


አዳማ
ሚያዝያ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ምንተስኖት፣

ሰሙነ ሕማማት ገብቷልና ሰላምታ አልሰጥህም። እንዲያውም ተመቸኝ፤ ዛሬ በምን አፌ እንደምነህ እንደምልህ አላውቅም ነበር። ቴሌግራም በደቂቃ ያደርሳል። ያዘገየሁት እኔ ነኝ፣ ፈርቼ።

ያንን ወረቀት አልፈርምም። ውሸት ነው።

የሆነውን ልንገርህ። አንድ ለአምስት ታስታውሳለህ? ክፍሉ በአምስት አምስት ይመደባል፣ ጎበዙ መሪ ይሆናል። ከላይ ያመጡት ሰዎች ረስተውታል፣ እኛ ክፍል ግን አልቀረም፤ ስድሳ ልጅ ያለ እሱ አይያዝም። የቤት ሥራ የሚያየው መሪው ነው፣ መጽሐፍ የሚቀበለው መሪው ነው፣ የቀሩትን የሚመዘግበው መሪው ነው። መጠይቁም ሲመጣ ለዐሥራ ሁለቱ መሪዎች አምስት አምስት ወረቀት ሰጠሁ፤ «አስሞልታችሁ አምጡ» አልኩ። በሩብ ሰዓት አስረከቡኝ። ፈጣኖች ናቸው ብዬ አመሰገንኳቸው። መሪው ለራሱ ሞልቶ፣ ያንኑ ለአራቱ መገልበጡ ወረቀቱን ፎቶ ሳነሣ ዓይኔ ሥር ነበር። አላየሁትም። ዐሥራ አራት ዓመት የኖርኩበት ነገር ስለሆነ ዓይኔ ለምዶታል።

ያየሁት በጥር አንተ ስትጠይቀኝ ነው። ወረቀቶቹን ከመሳቢያ አውጥቼ ደረደርኳቸው፤ አምስት አምስቱ በአንድ እጅ የተሞሉ ናቸው። ያኔ ልነግርህ ይገባ ነበር። ግን ምስክር ወረቀቱ ግድግዳዬ ላይ ነው፣ እንግዶቹ ጎብኝተዋል፣ አንተም «አንድ ሙሉ ምዕራፍ» ብለሃል። አፈርኩ። ስለ ፓፓያ ጻፍኩልህ።

በመጋቢት የላክኸው ሲደርሰኝ እስክሪብቶ አንሥቼ ነበር፣ አልደብቅህም። «ዘመድ ለዚህ ካልሆነ ለምን ይሆናል» አልኩ። ከዚያ መጀመሪያ ልጆቹን ልጠይቅ ብዬ ሐሙስ ዕለት ክፍሉን በሁለት ከፈልኩት። ሠላሳውን ሜዳ ላይ ከዛፉ ሥር፣ ሠላሳውን ክፍል ውስጥ አራርቄ አስቀመጥኩ። ስም አትጻፉ፣ ማንም አያይባችሁም፣ እኔም ቢከፋኝ ግድ የላችሁም አልኳቸው። ጥያቄውን ካነበብኩ በኋላ በኦሮምኛም ደገምኩላቸው። መሪዎቹ ሥራ ፈትተው የሚያደርጉት ጠፋቸው። ሌሎቹ ደግሞ «የቱን ላድርግ ቲቸር?» ይሉኛል። የተሰማህን ስለው ይደነግጣል። የተሰማውን ጠይቀነው አናውቅማ። አንድ ሰዓት ከሩብ ፈጀ።

«ሰዓቱ መሄዱ አልታወቀኝም» ለሚለው ሃያ ሁለት ልጆች አንድ ሰጥተዋል። አንዷ ከጎኑ በኦሮምኛ ጽፋበታለች። «ታወቀኝ እንጂ። ደወሉ እስኪደወል እቆጥር ነበር። መኪናዬን ሲያዩ ሆዴን ያመኛል።» ስም አልጻፈችም፣ እኔ ግን የዱሬቲን እጅ አውቀዋለሁ። እኔ ያኔ ከልጆቹ ጋር የሳቅሁባት ልጅ ናት። በመጀመሪያው ወረቀቷ ሃያውም መልስ አምስት ነበር። የቡድን መሪዋ ኑዕማን ነው። ጠርቼ ሳልቆጣው ጠየቅሁት፣ አለቀሰ። «ቲቸር፣ ደስ እንዲልሽ ብዬ ነው» አለኝ። ይኸው ነው የለካነው፣ ልጆቹ እኔን ምን ያህል ደስ ሊያሰኙ እንደሚፈልጉ።

አሁን ያደረግሁትን ስማ። ለርዕሰ መምህሩ ሁሉንም ነገርኩት። ተናደደ፣ «አሁን ለእንግዶቹ ምን እላለሁ?» አለ፤ በመጨረሻ ማኅተሙን መታልኝ። የፈረምኩት ግን ያንተን ወረቀት ሳይሆን የራሴን ነው። መጠይቁን ለቡድን መሪዎች የሰጠሁት እኔ መሆኔን፣ ተማሪው ምንተስኖት ግን ያልፈጠረው መሆኑን ጽፌያለሁ። አዲሶቹን ስድሳ ወረቀትም ልኬያለሁ። ካርቶኑን ከግድግዳው አውርጄዋለሁ።

ምዕራፍህን እንዳበላሸሁት አውቃለሁ። ይቅር በለኝ ለማለት እንኳ ሳምንቱ አይፈቅድም መሰለኝ፣ ግን ይቅር በለኝ።

ተሻለች


ታይናን
ሚያዝያ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ተሻለች፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰዎ። ደብዳቤዎ ከቀኑ በፊት ደርሶኝ ለገምጋሚዎቹ አቅርቤዋለሁ። ተርጉሜ ሳነብላቸው አማካሪዬ መነጽሩን አወለቀ። ቁጥር ፈጥሯል የሚለው ክስ ተነሥቶልኛል። መጠይቁን የሞላው ማን እንደሆነ ሳያውቅ ተሳሳተ ተባልኩ። ምዕራፉ ግን ወጥቷል። አዲሶቹ ወረቀቶች ጨዋታው ካለቀ ከሦስት ወር በላይ ቆይተው የተሞሉ ስለሆነ አይቆጠሩም። በግንቦት አልቀርብም። የነፃ ትምህርት ዕድሌ የሚያበቃው በነሐሴ ነው፣ ከዚያ በኋላ ምን እንደሚሆን ማንም አልነገረኝም።

ይህን ሁሉ ጽፌ ማቆም እችል ነበር። አልቻልኩም።

እትዬ፣ እኔ አውቅ ነበር።

በታኅሣሥ የመጀመሪያዎቹን ሃያ ወረቀቶች ሳስገባ ነው ያወቅሁት። በ2003 አንድ ለአምስት ሲጀመር የእርስዎ ክፍል ውስጥ የቡድን መሪ ነበርኩ። ለአምስት ሰው በአንድ እጅ ሲሞላ ወረቀቱ ምን እንደሚመስል እንደ እኔ የሚያውቅ የለም። ዝም አልኩ። ቁጥሩ አምሮብኝ ነበር፣ አማካሪዬም ደስ ብሎት ነበር። በጥር «እንዴት ተቀመጡ» ብዬ የጠየቅሁዎት እርስዎ ቀድመው እንዲናገሩት ነው፤ ከተናገሩ አላወቅሁም ነበር ልል፣ ካልተናገሩ ደግሞ ጠይቄያለሁ ልል። በመጋቢት ያን ወረቀት ስልክልዎት ውሸት መሆኑን አውቄ ነው የላክሁት። ውሸቱ በእኔ ሳይሆን በእርስዎ ስም እንዲቆም ፈልጌ ነው። እርስዎ ግን ጥፋቱን ሁሉ በራስዎ ላይ አድርገው «አልፈጠረም» ብለው ፈረሙልኝ። ደብዳቤውን ሳነብላቸው መስመር ሲጠፋኝ ያዘንኩ መሰላቸው። አፍሬ ነበር እንጂ።

አንድ ነገር ደግሞ ከአእምሮዬ አልወጣ ብሎኛል። ያኔ ለማጠናከሪያ ትምህርት «የትኛው ርዕስ ከበዳችሁ?» የሚል ወረቀት በየቡድኑ ሰጥተውን ነበር። የእኔን ቡድን እኔ ሞላሁ። በአምስቱም ላይ «የለም» ብዬ ጻፍኩ፤ ቡድኔ ጎበዝ እንዲባል። ጫምሳ የሚባል ልጅ በእኔ ቡድን ነበር። በዓመቱ ሒሳብ ወድቆ ትምህርቱን ተወ። ያስታውሱታል?

ገምጋሚዎቹ የመጨረሻውን ሪፖርት የሚጽፉት በሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ነው። አውቅ እንደነበር አያውቁም። ከነገርኳቸው የሚያባርሩኝ ይመስለኛል፤ ዝም ካልኩ ደግሞ ማንም አይጠይቀኝም። ልንገራቸው ወይስ ዝም ልበል? ለእናቴ ይህን መጻፍ አልችልም። እርስዎ የሚሉኝን አደርጋለሁ።

ልጅዎ ልበል?
ምንተስኖት


አዳማ
ግንቦት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለምንተስኖት፣

ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን። ልጄ ነህ፣ ይህን ደግመህ እንዳትጠይቀኝ። ተናድጄብሃለሁ፣ እሱም አይቅርብህ። ሁለት ቀን ስሰድብህ ከረምኩ። እኔ ልፈርም እስክሪብቶ ሳነሣ አንተ እያወቅህ ነበር! በሦስተኛው ቀን ግን የሰደብኩህን ስድብ ሁሉ ለራሴም ሳልለው አልቀረሁም።

ሐሙስህ አልፏል ብዬ ሰግቼ ነበር፤ እናትህ ግን ሪፖርቱ ወደ መጪው ሐሙስ መተላለፉን እንደነገርካት አጫወተችኝ። ነገሩ ስለምን እንደሆነ እኔ አልነገርኳትም። መልስ ከመጻፌ በፊት አንድ ቦታ መሄድ ስለነበረብኝ ነው የቆየሁት።

ጫምሳን አስታውሰዋለሁ። ያ ወረቀትም ትዝ ይለኛል። አምስቱም «የለም» ስላሉ የእናንተን ቡድን ከማጠናከሪያ ትምህርቱ አወጣሁ። ቦታውን ለሌላ ቡድን ሰጠሁት። የልጁን ወረቀት ከልጁ ፊት ጋር አላስተያየሁም። አንተ የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበርክ፣ እኔ መምህር ነበርኩ።

እናቱ ዘርፉ አሁንም እዚህ ታች ሰፈር አሉ። ስጠይቃቸው ባቱ ነው አሉኝ። ትናንት እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሚኒባስ ይዤ ወረድኩ። ከሐይቁ ማዶ ቲማቲም የሚጫንበት ቦታ አገኘሁት። ሳጥን ይጭናል። ትልቅ ሰው ሆኗል፣ ሁለት ልጆች አሉት። ስንት ሳጥን እንደተጫነ ደብተር ይዞ የሚመዘግበው ግን ሌላ ሰው ነው። ከሩቅ አወቀኝ። «አካም ጂርቱ፣ ቲቸር» ብሎ እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ጨበጠኝ። ሻይ ቤት ወሰደኝ፣ ሒሳብም አላስከፈለኝም። ስላንተ ጠየቀኝ፤ ውጭ አገር ዶክተር ሊሆን ነው ስለው ከልቡ ደስ አለው። «እሱማ መሪያችን ነበር» አለኝ።

ለምን እንደመጣሁ መናገር ጨነቀኝ። በመጨረሻ እንዲሁ ጠየቅሁት። «ጫምሳ፣ ያኔ ሰባተኛ ክፍል የከበደህ ምን ነበር?» አልኩት። ይስቅብኛል፣ ወይ ረሳሁት ይላል ብዬ ነበር።

ብርጭቆውን አላስቀመጠም፣ አላሰበም። «ክፍልፋይ፣ ቲቸር» አለኝ።

ሐሙስን አትጠብቅ። ይህ ሲደርስህ ሂድና ንገራቸው።

ተሻለች